መለኪያ የሚፈራ ሞተር

በምሥራቅ አፍሪካ ጋዜጦችና የሬዲዮ ጣቢያዎች በየጊዜው የሚመላለስ አንድ ዜና አለ። ስሙና ከተማው ይለዋወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አንድ ወጣት መካኒክ፣ ወይም ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ነዳጅ የማይሻ ጄኔሬተር ሠራ ይባላል። አንዳንዴ በውሃ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ነው፤ አንዳንዴ በማግኔት ብቻ የሚዞር ዲናሞ፤ አንዳንዴም ራሱን በራሱ የሚሞላ ባትሪ። ሠሪው ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዜናው ግርጌ መንግሥትና ባለሀብቶች እንዲያግዙት መጠየቁ ይገለጻል። ከዚያ ወሬው ይሞታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ተመልሶ ይነሣል። ማሽኑ ስንት ዋት ሰጠ? ስንት ሰዓት ሳያቋርጥ ሠራ? የለካውስ ማን ነው? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በዜናው ውስጥ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

ዜናው ቢሞትም ክርክሩ አይሞትም። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢና ካምፓላ፣ በየቡና ቤቱ፣ በየጋራዡና በየኮሌጁ ግቢ፣ ፊዚክስን ያለ ፈተናና ያለ ማዕረግ የሚወዱ ሰዎች ይሟገቱበታል። ከውሃው ሞተር ተነሥተው ወደ ቴስላ ይሻገራሉ፤ ከቴስላ ወደ አንስታይን፤ ከአንስታይን ወደ ፀሐይና ወደ ከዋክብት አፈጣጠር። ማንም ሳያዛቸው፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ማታ ማታ ስለ ኃይልና ስለ ሰማይ የሚጨነቁ ሰዎች ያሉት ከተማ ዕድለኛ ነው። ችግሩ ሙግቱ የሚዳኝበት መንገድ ነው። አንዱ ወገን «ሊቃውንቱ ደብቀውታል፤ የነዳጅ ኩባንያዎች አፍነውታል» ይላል። ሌላው ወገን «ያልተማረ ሰው ስለ ፊዚክስ ምን ያውቃልና!» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰው ነው። ማሽኑ ግን ማንም ሳይመዝነው ጥግ ላይ ቆሞ ይቀራል።

በዚህ ሙግት ከሁሉ ይልቅ የሚሰደበው የኃይል አይጠፌነት ሕግ ነው። ኃይል ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፣ ወደ ምንምም አይጠፋም የሚለው ማለት ነው። የነጻ ኃይል ደጋፊዎች ይህን ሕግ ፕሮፌሰሮች ግቢያቸውን ለመጠበቅ ያጠሩት አጥር አድርገው ይስሉታል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በዚህ መሳቅ ይገባዋል፤ ሕጉን ያቆሙት አማተሮች ናቸውና። ዩሊየስ ሮበርት ማየር የመርከብ ሐኪም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ መርከብ ወደ ጃቫ ሄዶ፣ በሞቃቱ አገር የመርከበኞቹ ደም ከወትሮው ደምቆ ቢያየው ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ስለሚያቃጥለው ነገር ማሰላሰል ጀመረ። ከዚያ ሐሳብ ተነሥቶ ሙቀትና ሥራ እርስ በርሳቸው የሚመነዘሩ ናቸው ወደሚለው መደምደሚያ ደረሰ። በ1841 የላከውን የመጀመሪያ ጽሑፉን የፊዚክስ መጽሔቱ አዘጋጅ አላተመለትም፤ መልስም አልሰጠውም።

ጄምስ ጁል ደግሞ በማንቸስተር አካባቢ የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ወንበር ኖሮት አያውቅም። በ1844 ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ያቀረበው ጽሑፍ ተቀባይነት አላገኘም። ዛሬ የነጻ ኃይል ደጋፊ ሁሉ የሚያሰማውን እሮሮ ለማሰማት ከጁል የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ። ክብደት በገመድ አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ እንዲወርድ አደረገ፤ የሚወርደው ክብደት በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ ያዞራል፤ መቅዘፊያው ውሃውን ያሞቃል። ጭማሪው ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ስለ ነበር ክብደቱን ደግሞ ደጋግሞ እያወጣ ማውረድ፣ የክፍሉ ሙቀትና የራሱ ገላ ሙቀት እንኳ ስሌቱን እንዳያበላሽበት መጠንቀቅ ነበረበት። በዚህ ዓይነት ለዓመታት ቆይቶ በ1850 ያሳተመው ቁጥር ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ይህን ሕግ መጣል የሚፈልግ አማተር የሚገጥመው ከአንድ ቢራ ጠማቂ ቴርሞሜትር ጋር ነው። ሕጉ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ የገባና የወጣ መተካከል አለበት ይላል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሆኑ አንድ ቦታ እንደ ተሳሳተ ያውቃል። የመምህሩ ዝና፣ የደብሩ ታላቅነት፣ የተማሪው ቅንነት ስሌቱን አያድነውም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሳተበትን ቦታ ይፈልጋል። የነጻ ኃይል ማሽን ሠሪም ድምሩ 30 ሳይሆን 45 ሲሆንበት ማድረግ ያለበት ይህንኑ ነው። እሱ ግን አዲስ ሕግ አገኘሁ ብሎ ጋዜጠኛ ይጠራል።

የውሃውን ሞተር ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ በዚህ አካባቢ ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ነውና። ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ነው፤ ሃይድሮጅን ይነድዳል፤ ስለዚህ ውሃ ነዳጅ ነው የሚለው አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ውሃ ቀድሞውኑ የነደደ ሃይድሮጅን ነው። የሃይድሮጅን ዐመድ ነው ቢባል ይሻላል፤ ከምድጃ የተጠረገ ዐመድ ደግሞ ተመልሶ እንጀራ አይጋግርም። አንድ ሊትር ውሃ ወደ ሁለቱ ጋዞች ለመሰንጠቅ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል። ሃይድሮጅኑ ተመልሶ ነድዶ ውሃ ሲሆን የሚሰጠው ያንኑ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ቅንጣት የለውም። ይህም አንዳች ነገር ካልባከነ ነው። በተግባር የመሰንጠቂያው ዕቃ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉን በከንቱ ያሞቀዋል፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከሚነድበት ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ብቻ ሲሆን የቀረው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይሄዳል። ስለዚህ 6 ኪሎዋት ሰዓት የከፈለ ሰው ከሞተሩ ዘንግ የሚያገኘው 1.2 ገደማ ነው። በዚያ 1.2 ደግሞ የሚቀጥለውን ሊትር ሰንጥቆ፣ መኪናውን ነድቶ፣ ትርፍ መብራት ለመንደሩ ይሰጣል ይባላል! ነጋዴ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢቀርብለት ገና መዝገቡን ሳይዘጋ ደላላውን ያባርረዋል።

የዚህ እምነት ታላቅ ሰማዕት በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት ነዋሪ የነበረው ስታንሊ ሜየር ነው። በውሃ የምትሄድ ትንሽ መኪና እንዳለችው አስነገረ፤ ሰዎችም ገንዘባቸውን አፈሰሱ። ሁለት ገንዘብ ያዋሉ ሰዎች ከሰሱትና ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ባለሙያዎች «የውሃ ሴል» የተባለውን መሣሪያ ሲመረምሩ የተገኘው ተራ የኤሌክትሮሊሲስ ዕቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1996 ከባድ ማጭበርበር ተፈጽሟል ብሎ ሜየር የሁለቱን ሰዎች 25,000 ዶላር እንዲመልስ ፈረደ። በ1998 በድንገት ሲሞት ደጋፊዎቹ ተመረዘ አሉ፤ የአስከሬን ምርመራው ግን በአንጎሉ ያለ የደም ሥር መፈንዳቱን አመለከተ። ዛሬ በየክርክሩ ስለ አሟሟቱ ብዙ ይነገራል። ስለ ፍርዱ የሚያነሣ ሰው ማግኘት ግን ያስቸግራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፊላደልፊያ ከተማ ጆን ኪሊ የተባለ ሰው ከ1870ዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1898 ድረስ አዲስ ኃይል አገኘሁ እያለ ከባለአክሲዮኖች ገንዘብ ሲሰበስብ ኖረ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ማሽኑ ሊያልቅ ጥቂት እንደ ቀረው ይነገር ነበር። ከሞተ በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ ከምድር በታች ካለው ክፍል 3 ቶን ያህል የሚመዝን የብረት ሉል ተገኘ፤ መርማሪዎቹም የታመቀ አየር ማጠራቀሚያ ነው አሉ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ስቴዎርን የተባለ የደብሊን ኩባንያ መጣ። በ2006 «ዘ ኢኮኖሚስት» በተባለው መጽሔት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ በማግኔት ነጻ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቻለሁና ሳይንቲስቶች መጥተው ይመርምሩልኝ አለ። ይህ እንኳ የሚመሰገን ነበር። በ2007 ለንደን ላይ ለሕዝብ ሊያሳይ ቀጥሮ ሰረዘው፤ ምክንያቱ የመብራቶቹ ሙቀት ነው ተባለ። ኩባንያው ራሱ የመረጣቸው 22 መርማሪዎች በ2009 በአንድ ድምፅ ኃይል ሲመነጭ አላየንም አሉ። ከዚያም በኋላ ደብሊን ላይ ለሕዝብ የታየው መሣሪያ ባትሪ ነበረው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው መከራከሪያ «ይደብቁታል» የሚለው ነው። የነዳጅ ኩባንያዎች ቅዱሳን ናቸው የሚል የለም። ቢሆንም መከራከሪያው አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድም። ነዳጅ የማይሻ ጄኔሬተር በእርግጥ ያለው ሰው ከባለሀብት ገንዘብ ምን ይሠራለታል? ከገዛ ቤቱ ይጀምር፤ ከዚያ ለጎረቤቱ፣ ከዚያ ለወፍጮ ቤቱ ኤሌክትሪክ ይሽጥ። በየጨለማው መንደር ደንበኛ ሞልቶለታል። የውጭ ምንዛሪያቸውን ለነዳጅ ግዢ የሚያፈስሱ አገሮችስ፣ ኢትዮጵያም ትሁን ጃፓን፣ ይህን ማሽን የሚደብቁት ለማን ብለው ነው? በቴስላ ስም የሚነገረውም ቢሆን ጸሐፊዎቹ ያልመረመሩት ነው። በ1901 ኒው ዮርክ አጠገብ የተጀመረው የዋርደንክሊፍ ማማ ኃይል ያለ ሽቦ ለማስተላለፍ የታሰበ ነበር። የሚተላለፈው ኃይል ግን እንደ ማንኛውም ኃይል አስቀድሞ ከአንድ ማመንጫ መምጣት ነበረበት። ባለ ገንዘቡ ጄ. ፒ. ሞርጋን ከሥራው ስለ ወጣ ተጓተተ፣ በ1917ም ፈረሰ። ነጻ ኃይል እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ይሁንና የሚስቀው ወገንም በዚህ ሙግት ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1775 የዘላለማዊ እንቅስቃሴ ማሽን ሐሳቦችን ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ መወሰኑ ይታወቃል። ሰነፍ ሊቅ ይህን ውሳኔ ለማናቸውም አዲስ ጥያቄ ይጠቅሰዋል። ሰነፍ ሊቅ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ለማየት ደግሞ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ታንዛኒያ ይበቃል።

በ1963 ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ ተማሪ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ይሠራ ነበር። ወተቱን አፍልቶ፣ ስኳር ጨምሮ፣ አቀዝቅዞ ወደ ማቀዝቀዣው ማስገባት ነው ወጉ። በማቀዝቀዣው ያለው ቦታ ጥቂት ስለ ነበር ምፔምባ እንዳያልፈው ፈርቶ የፈላውን ወተት ሳያቀዘቅዝ አስገባው፤ ሌላው ልጅ ደግሞ ያልፈላ ወተት አስገባ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲከፍቱት የምፔምባ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ የጓደኛው ገና ወፍራም ፈሳሽ ነው። መምህሩን ቢጠይቅ ተምታቶብህ ነው ተባለ። ታንጋ ከተማ አይስክሬም የሚሸጥ ወዳጁን ቢጠይቅ ግን እሱም ቶሎ እንዲረጋለት ትኩሱን እንደሚያስገባ ነገረው። ኢሪንጋ ወደሚገኘው የምክዋዋ ትምህርት ቤት ሲዛወር ጥያቄውን ለፊዚክስ መምህሩ ደገመው። መምህሩ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም በሚል ዓይነት ፌዝ አሰናበተው፤ ከዚያ በኋላ ምፔምባ በትምህርት በተሳሳተ ቁጥር ክፍሉ በዚያው ፌዝ ይስቅበት ነበር።

ልጁ ያደረገውን ልብ ይሏል። ምዕራባውያን ፊዚክስን ከአፍሪካውያን ደብቀዋል አላለም። የባዮሎጂ ቤተ ሙከራው ተከፍቶ ሲያገኘው ሁለት ብርጭቆ ወሰደ፤ በአንዱ ትኩስ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ አደረገ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባቸው፣ ጠበቀ። ቆይቶ ከዳሬሰላም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህሩ ዴኒስ ኦስቦርን ለንግግር ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመጣ፣ ምፔምባ ተነሥቶ በ35 እና በ100 ዲግሪ ያለ እኩል ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ትኩሱ ለምን ቀድሞ ይረጋል ብሎ ጠየቀ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ኦስቦርን ልጁ ሳይሳሳት አይቀርም ብሎ ቢያስብም አልሳቀም፤ እሞክረዋለሁ አለ። ዳሬሰላም ተመልሶ ለቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ሥራውን ሰጠው። ቴክኒሻኑም ትኩሱ በእርግጥ ቀድሞ እንደ ረጋ፣ ነገር ግን ትክክለኛው ውጤት እስኪመጣ ድረስ ሙከራውን እንደሚደጋግም ነገረው። (በዚህ ቴክኒሻን የሚስቅ ሊቅ ቀድሞ መስታወት ፊት ይቁም።) በ1969 ጥናቱ በሁለቱ ስም፣ በተማሪውና በመምህሩ፣ በእንግሊዝ አገር በሚወጣ የፊዚክስ ትምህርት መጽሔት ታተመ። ዛሬ ነገሩ በዓለም ሁሉ የሚጠራው በዚያ የታንዛኒያ ልጅ ስም ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደግሞ ለነጻ ኃይል ደጋፊዎች የሚጠቅም ነው፤ ቢሰሙት። የምፔምባ ግኝት ታትሞ አላበቃም። ሌሎች ደገሙት፤ አንዳንዱ አገኘው፣ አንዳንዱ አጣው። የውሃው ትነት ነው፣ በዕቃው ሥር ያለው ውርጭ ነው፣ የውሃው ውስጣዊ ዝውውር ነው እየተባለ ብዙ ተጻፈ። በ2016 ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ደግመው ነገሩ መኖሩን የሚያሳምን ማስረጃ እንዳላገኙ፣ ቴርሞሜትሩ በአንድ ሴንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንኳ ውጤቱ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳተሙ። ሙግቱ እስካሁን አልተዘጋም። በዚህ የምፔምባ ክብር የሚቀንስ ከመሰለው ሰው ጋር መከራከር አይቻልም፤ ገና የሙግቱን ሕግ አላወቀውም። ምፔምባ የሠራው ሥራ የማንም ማቀዝቀዣ ሊፈትነው የሚችል ስለ ነበር ነው እስከ ዛሬ የሚፈተነው። የሜየርን ሴል ማንም ዛሬ አይፈትነውም፤ የሚፈተን ነገር አልተወምና።

ፌዝ ባለበት ቦታ ሰማዕት ይበቅላል። በ1950 ኢማኑኤል ቬሊኮቭስኪ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ፕላኔቷ ቬነስ ከጁፒተር ተወርውራ ወጥታ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ምድርን ታክካ አለፈች የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በሥነ ፈለክ ሚዛን መጽሐፉ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ ሊቃውንት ግን ቁጥሩን ከማሳየት ይልቅ አሳታሚውን ማክሚላንን የመማሪያ መጻሕፍትህን አንገዛም ብለው አስፈራሩት፤ አሳታሚውም መብቱን ለሌላ ድርጅት አሳልፎ ሰጠ። ስሌት ሊገድለው ይችል የነበረውን ነገር አድማ ዕድሜ ቀጠለለት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ያልተለካ ማሽን ባለቤት የሚጠቅሰው ይህን በደል ነው።

በሥነ ፈለክ የአማተሩ ክብር የት እንዳለ ሰማዩ ራሱ ያሳያል። በ1781 ዩራነስን ከቤቱ ጓሮ ያየው ዊልያም ሄርሼል መተዳደሪያው ሙዚቃ ነበር። የሬዲዮ መሐንዲሱ ግሮት ሬበር በ1937 በኢሊኖይ ግዛት ዊተን በምትባል ከተማ፣ ከእናቱ ቤት አጠገብ፣ በገዛ ገንዘቡ ከ9 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው የሬዲዮ ሳሕን ሠራ። በ3,300 ሜጋኸርትዝ ሰማዩን አዳመጠ፤ ምንም አልሰማም። መቀበያውን አፍርሶ በ900 ሠራ፤ አሁንም ምንም። በ160 ሲሞክር የፍኖተ ሐሊብ ድምፅ መጣለት። ለዓመታት በዓለም ላይ ይህን ሥራ በትጋት የሚሠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሬበር በኋላ ዘመኑ ስለ ዓለማት አጀማመር የሚቀበሉት ጥቂት የሆነ የራሱን ሐሳብ ያራምድ ነበር። ማንም ግን በዚያ ምክንያት የሬዲዮ ካርታውን አልጣለም፤ ካርታው በቁጥር የተሠራ ነውና የባለቤቱን እምነት አይጠይቅም። ሁለት ጊዜ ምንም አለመስማቱንም አልደበቀም።

ለምድር ወገብ ቅርብ የሆኑት የዚህ አካባቢ ከተሞች የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያያሉ። ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚሉ ከዋክብትን በተራ የሁለት ዓይን መነጽር አይቶ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ከ1911 ጀምሮ የአማተሮችን ቁጥር ለሚሰበስበው የአሜሪካ ማኅበር መላክ ለማንም ክፍት ነው። የኢትዮጵያ የኅዋ ሳይንስ ማኅበር በ2004 ሲመሠረት በድሃ አገር ሰማይ መመልከት ምን ይሠራል የሚለው ብዙ ነበር። ከእንጦጦ ተራራ የቆሙት ሁለቱ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች የዚያ ወገን መልስ ናቸው። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለከዋክብት ስም እንዲያወጡ ሲጋብዝ ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» አለቻቸው። ለአንስታይን ስሕተት ሲፈልግ የሚያመሽ ወጣት በአንዱ ሌሊት አቦልና ቡና የት እንዳሉ ቢፈልግ አይከፋም።

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መባል አለበት። ስቴዎርን የባለሀብቶችን ዩሮ በላ፤ ይቆጩበት። በዚህ አካባቢ ግን የማግኔት ዲናሞ ፕሮጀክት የሚበላው የወንድምን የዕቁብ ዕጣ፣ ዓረብ አገር ያለች እኅት የላከችውን ገንዘብ፣ ከሁሉም ይልቅ የአንድ ጎበዝ ልጅ እጅ ነው። የመዳብ ሽቦ በእጁ የሚጠመጥም፣ የተቃጠለ ሞተር አንሥቶ የሚያስነሣ ልጅ ዓመታቱን ሊዞር የማይችል መሽከርከሪያ ላይ ይጨርሳል። ከእግሩ በታች የስምጥ ሸለቆው እንፋሎት ይፈላል። ኬንያ ከዚያ እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማውጣት የጀመረችው በ1981 ኦልካሪያ ላይ ነው፤ ዛሬ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪኳ ከምድር ሙቀት ይመጣል። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ከ7 ሜጋዋት ጥቂት የሚበልጥ ማመንጫ ተክላ አብዛኛውን ዘመን ቆሞባታል። ቁጣ ካለ፣ የሚደበቅ ነገር ካለ፣ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ የአሉቶ ጉድጓድ ለምን ቆመ?

የማላዊው ዊልያም ካምክዋምባ በ2002 ያቆመውን የነፋስ ማመንጫ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ትምህርቱን አቋርጧል። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ ኃይል የሚናገር መጽሐፍ ተውሶ፣ ከብስክሌት ፍሬም፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቱቦ ሠራው። አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አገኘሁ አላለም። ነፋሱ ሲቆም ማሽኑም ይቆም ነበር፤ ስለዚህም ነው የታመነው። በኢትዮጵያ ማዕድ ቤቶች የገባው «ላቀች» የከሰል ምድጃም፣ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃም ጋዜጣ ላይ ተአምር ተብለው አልወጡም። ከሰሉና እንጨቱ ስንት ኪሎ እንደ ቀነሰ ግን በሚዛን ታይቷል።

ነዳጅ የማይሻ ጄኔሬተር ሠራሁ የሚል ሰው ነገ ቢመጣ መስደብም ማጨብጨብም አያስፈልግም። ከመካኒክ ጋራዥ የሚገኝ ባለ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ በውስጡ የያዘው 0.72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ የ100 ዋት አምፖል ከሰባት ሰዓት በላይ ያበራል፤ ስለዚህ በጋዜጠኛ ፊት ለግማሽ ሰዓት የበራ አምፖል ምንም አያስረዳም። ያው አምፖል 30 ቀንና ሌሊት ቢበራ ግን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህ የ100 ባትሪ ኃይል ነው፣ በጠረጴዛ ሥር አይደበቅም። ማሽኑ ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ሽቦ አይግባበት፤ ክፍሉ ይቆለፍ፤ ቁልፉን ሠሪውና ሳቂው ሊቅ አንድ አንድ ይያዙ፤ በአምፖሉና በማሽኑ መካከል ቆጣሪ ይግባ። ቆጣሪው በመርካቶም፣ በናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳናም፣ በዳሬሰላም ካሪያኮም ይሸጣል።